ከብልጭታው በፊት፦ የፋይበር መገጣጠሚያ እንዴት ይሠራል?



ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ተጉዞ ድምፅና ምስል እንደሚያደርስ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ እሱን አልደግመውም። ዛሬ የማወራችሁ ክሩ ከሌላ ክር ጋር ስለሚገናኝበት ቦታ ነው። ክሮቹን የያዘው ኬብል ከፋብሪካ የሚወጣው በድራም ተጠቅልሎ ሲሆን፣ አንዱ ድራም እንደ ኬብሉ ዓይነት ከ2 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ይይዛል። ከጅቡቲ ተነስቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባው የከባድ መኪና መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መንገድ ዳር ባለ 4 ኪሎ ሜትር ድራም እየዘረጋን ብንመጣ ከ220 በላይ ቦታዎች ላይ እያቆምን መቀጠል አለብን። ኬብሉ 48 ክሮች ካሉት ደግሞ ሥራው ከ10,000 በላይ መገጣጠሚያ ይሆናል ማለት ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት በባሕር ሥር ከሚያልፉት ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል ነው። ስለዚህ በየብስ የሚጓዘው መስታወታችን ረጅም ነው፤ መገጣጠሚያውም ብዙ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ሰው ፋይበር ሲቀጠል ለማየት ሲቆም ዓይኑን የሚስበው በመቀጠያው ማሽን ውስጥ የምትበራዋ ብልጭታ ናት። መገጣጠሚያው የሚበላሸው ግን በአብዛኛው ብልጭታዋ ከመብራቷ በፊት፣ ማንም ትኩረት በማይሰጠው የመጥረግና የመቁረጥ ሥራ ላይ ነው። ንግግሬ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ነጥብ ዙሪያ ነው።

የመብራት ሠራተኛ ሁለት የመዳብ ሽቦዎችን ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ ፕላስተር ይጠቀልልበታል፤ ብረቱ እስከተነካካ ድረስ ኮረንቲው መንገዱን ያገኛል። ብርሃን እንዲህ ያለ ገርነት የለውም። ለረጅም ርቀት የምንጠቀምበት ፋይበር የመስታወቱ ውፍረት 125 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን ልብ በሉ። ብርሃኑ የሚጓዝበት መካከለኛው ክፍል፣ ኮር የሚባለው፣ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። በአንዲት የጤፍ ፍሬ ወርድ ላይ ከ60 የሚበልጡ ኮሮችን ጎን ለጎን መደርደር ይቻላል። መቀጠል ማለት እንግዲህ ይህን የሚያህል ነጥብ ከሌላ ይህን ከሚያህል ነጥብ ጋር ፊት ለፊት ማጋጠም ነው። ሁለቱ ኮሮች በ1 ማይክሮን ቢዛነፉ ከብርሃኑ 4 በመቶ ገደማ ይጠፋል። መዛነፉ 2 ማይክሮን ሲሆን ኪሳራው በእጥፍ አይቆምም፤ በዴሲቤል ሲለካ አራት እጥፍ ይሆናል።

ዴሲቤል ስል ፊታችሁ እንዳይጠቁር፤ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ያዙ። የ3 ዴሲቤል ኪሳራ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ የ10 ዴሲቤል ኪሳራ ማለት ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆካም እ.ኤ.አ. በ1966 መስታወት ለመገናኛ ይሆናል ብለው ሲጽፉ፣ በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል የማይበልጥ ኪሳራ ያለው መስታወት ከተገኘ ይበቃል ነበር ያሉት። በአሜሪካው ኮርኒንግ ኩባንያ ማውረር፣ ኬክና ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ያን ገደብ አለፉ፤ ካኦም እ.ኤ.አ. በ2009 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ። ዛሬ ያለው መስታወት በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ይበላል። መስታወቱ ይህን ያህል ሲጠራ ነው እንግዲህ መገጣጠሚያው የተጋለጠው። ጥሩ መገጣጠሚያ 0.05 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በታች ቢበላ የ250 ሜትር መስታወት ያህል ነው። በግዴለሽነት የተሠራና 1 ዴሲቤል የሚበላ አንድ መገጣጠሚያ ግን ሳናውቀው መንገዱ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ጨመረ ማለት ነው።

ፋይበር በሦስት መንገድ ይገናኛል፦ በማቅለጥ፣ በመካኒካል ማያያዣ ወይም በኮኔክተር። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሴ "መልሳችሁ ልትፈቱት ታስባላችሁ ወይ?" የሚል ጥያቄ ነው። ዳግመኛ የማይከፈት ከሆነ ይቅለጥ። የሚነቀልና የሚሰካ ከሆነ ኮኔክተር ይሁን። መካኒካሉ በመካከል ያለ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልናገርም።

የማቅለጡ ዘዴ ታሪኩ አጭር ነው። የመጀመሪያው የኮርኒንግ ፋይበር ከተሠራ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በቤል ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ቢዝቢ ሁለት ፋይበሮችን በሙቀት አቅልጦ ማያያዙን በጽሑፍ አሳወቀ። ሙቀቱ የመጣው በጋለ ሽቦ ነበር። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሽቦው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ተተካ፤ እስከ ዛሬም የምንሠራው በዚያው ነው። ዛሬ ማሽኑ፣ ቴክኒሻኖች በአጭሩ ስፕላይሰር የሚሉት፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ሣጥን ሆኗል፤ በገበያውም የጃፓን ኩባንያዎች ስም ገናና ነው።

አሁን ሥራውን በቅደም ተከተል እንየው። መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ቀላል ከመሆኑ የተነሳ ይረሳል፦ ስሊቭ የምትባለዋን፣ በሙቀት የምትኮማተርና በውስጧ የብረት ዘንግ ያላትን ቱቦ ከአንዱ ክር ላይ ማጥለቅ። መስታወቱ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ስሊቭ የሚገባበት ጫፍ የለም፤ የረሳ ሰው ቆርጦ እንደገና ከመጀመር በቀር ምርጫ የለውም። ፋይበር የቀጠለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ እንዴት እንዳወቀው ግን አትጠይቁት።

ቀጥሎ መስታወቱን የሸፈነውና የክሩን ጠቅላላ ውፍረት 250 ማይክሮን የሚያደርሰው የፕላስቲክ ልባስ በስትሪፐር ይገፈፋል፤ ራቁቱን የቀረው መስታወት ብናኝ በማይተው ወረቀትና ንጹሕ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል። ከፋርማሲ የሚገዛው ለቁስል የሚሆን አልኮል ውኃ ስላለበት አይሆንም፤ ሲደርቅ እድፉን ትቶ ይሄዳል። ከተጠረገ በኋላ መስታወቱን በጣት መንካት አይቻልም፤ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍም አይቻልም። መንገድ ዳር፣ በበጋ ነፋስና አቧራ መካከል፣ ይህን ትእዛዝ መፈጸም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጥሩ ቡድን ድንኳን የሚተክለው ለዚህ ነው፤ ድንኳኑ ከፀሐይ ይልቅ ለአቧራው ነው።

ከዚያ መቁረጥ ይመጣል። ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክሊቨር የሚባለው መሣሪያ ስሙ መቁረጫ ይሁን እንጂ መስታወቱን አይቆርጠውም። በጠንካራ ምላጭ ጎኑን በጥቂቱ ይጭረዋል፤ ከዚያ ያጎብጠዋል፤ ጭረቱ ራሱ በመስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይሮጥና ከፍሎ ይጥለዋል። በትክክል ሲሠራ የሚወጣው ፊት እንደ መስተዋት የለዘበ፣ ከክሩ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሠራ ነው፤ መዛነፉም ከአንድ ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ምላጩ ሲደነዝዝ ግን ጠርዙ ይሸረፋል ወይም ምላስ ያወጣል። ምላጩ ክብ ስለሆነ እየዞረ አዲስ ስለት ይሰጣል፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች 16 ቦታዎች አሉት። ሠራተኛው መቼ እንዳዞረው ካልመዘገበ የደነዘዘ ስለት መኖሩን የሚያውቀው ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ነው። የተቆረጠችው ቁራጭም ዝም ብላ አትጣልም። ዓይን የማያያት መስታወት ናት፤ በቆዳ ገብታ ትሰበራለች። የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ትገባለች እንጂ መሬት ላይ አትቀርም፤ በሚሠራበት ጠረጴዛ ላይ ምግብ አይበላም የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ሁለቱ ጫፎች በማሽኑ ቦዮች ውስጥ ሲቀመጡ፣ ካሜራዎች ከሁለት አቅጣጫ ያዩአቸዋል፤ ሞተሮች ገፋ ሳብ እያደረጉ ኮርን ከኮር ጋር ያስተካክላሉ። በርካሽ ማሽን ኮር አይታይም፤ የውጭው መስታወት ብቻ ይገጥምና ኮሩ መሐል ነው ተብሎ ይታመናል። ከሁለት የቱንግስተን ኤሌክትሮዶች መካከል መጀመሪያ አጭር ብልጭታ ትወጣና የቀረውን ብናኝ ታቃጥላለች፤ ቀጥሎ ዋናዋ ብልጭታ ጫፎቹን ታለሰልሳለች፣ ሁለቱም በጥቂቱ ይገፋሉ፣ ይዋሃዳሉ። ይህ ሁሉ አሥር ሰከንድ አይሞላም። ማሽኑ መገጣጠሚያውን በጥቂቱ ስቦ ይፈትነውና በስክሪኑ ላይ ቁጥር ያወጣል፤ 0.01 ወይም 0.02። ያ ቁጥር ልኬት አይደለም። ማሽኑ ምስሉን አይቶ የገመተው ነው፤ ብርሃኑን አላየም። ቁጥሩን በወረቀት ገልብጦ "ተለክቷል" ብሎ የሚያስረክብ ሰው አደገኛ ልማድ ይዟል።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ልዩ የሚያደርግ ነገር አለ። ብልጭታዋ የምትፈጠረው በአየር ውስጥ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀቷ ይለወጣል። ጅቡቲ በባሕር ጠለል ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። አንድ ቡድን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአፋር ቆላ ወደ ሸዋ ደጋ ሊወጣ ይችላል፤ ይህ በብዙ አገር የማይገጥም ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች የግፊት፣ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ስላላቸው ብልጭታዋን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ሁሉም በሚገባ የማያስተካክሉት ነገር የኤሌክትሮዱን እርጅና ነው። በብልጭታ ብዛት ጫፉ ይበላል፣ የመስታወት ተን ይጣበቅበታል፤ እንደየሞዴሉም ከ1,000 እስከ 5,000 መገጣጠሚያ ድረስ ያገለግላል። ስለዚህ ቦታ ሲቀየርና ኤሌክትሮድ ሲለወጥ የአርክ ካሊብሬሽን ይደረጋል። ማሽኑ ሁለት ፋይበሮችን ሳያገናኝ ጫፋቸውን ያቀልጣል፤ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሸሹ ለክቶ ኃይሉን ያርማል። ደቂቃዎች ይፈጃል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ወይም ቀኑ ሲመሽ መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው ነው።

ከተያያዘ በኋላ ስሊቯ ተጎትታ በራቁቱ መስታወት ላይ ትመጣለች፤ በማሽኑ ምድጃ ውስጥ ትኮማተራለች። መገጣጠሚያዎቹ በትሬይ ላይ ይደረደራሉ፤ ትርፉ ክር በክብ ይጠቀለላል፤ ሁሉም ክሎዠር የሚባል ውኃ የማያስገባ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ጠባብ ጥቅልል ብርሃንን ያፈስሳል፤ 30 ሚሊ ሜትር ራዲየስ የተለመደው ገደብ ነው። በደንብ የተሠራ መገጣጠሚያ ሁሉ በመጥፎ አጠቃለል ሊበላሽ እንደሚችል የሚያውቀው ሣጥኑን እንደገና የከፈተ ሰው ነው።

በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች አናት ላይ የሚዘረጋው ሽቦም ብዙ ጊዜ በውስጡ ፋይበር አለው፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እንዲህ ያለውን መስመር ለቴሌኮም ኩባንያዎች ያከራያል። የዚህ ፋይበር መገጣጠሚያ ምሰሶ አናት ላይ አይሠራም። ኬብሉ ትርፍ ተትቶለት እስከ መሬት ይወርዳል፤ መሬት ላይ ከተቀጠለ በኋላ ሣጥኑና ትርፉ ምሰሶው ላይ ይታሰራሉ።

መካኒካል ስፕላይስ ብልጭታ የለውም። ሁለቱ ጫፎች በአንድ የቪ ቅርጽ ቦይ ውስጥ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው የብርሃን ባሕርይው ከመስታወት ጋር የሚስማማ ጄል አለ፤ ክዳኑ ይጫናቸዋል። ኪሳራው ከማቅለጡ ይበልጣል፤ ከ0.1 እስከ 0.3 ዴሲቤል ቢሆን የሚገርም አይደለም። ማሽን በሌለበት፣ መስመር በአስቸኳይ መመለስ ሲኖርበት ጥሩ ነው። በየቤቱ የሚገባው ፈጣን ኮኔክተርም በውስጡ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ጄሉ ዓመታትን እንዴት እንደሚያልፍ ግን ለረጅም መስመር አላምነውም።

ወደ ኮኔክተር እንምጣ። እዚህ መስታወቱ ፌሩል በሚባል፣ ከዚርኮኒያ ሴራሚክ በተሠራ ዘንግ መሐል ገብቶ ይለዝባል። በአሮጌዎቹ ኤስሲ፣ ኤፍሲና ኤስቲ ዘንጉ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በትንሹ ኤልሲ ግማሹ። ኤስሲ የጃፓኑ ኤንቲቲ ሥራ ነው፤ ኤልሲ የአሜሪካው ሉሰንት። ሁለቱ ዘንጎች ሲሰኩ ስፕሪንግ ይገፋቸዋል፤ ጫፋቸው በጥቂቱ ጉብ ያለ ስለሆነ መስታወት መስታወትን ይነካል። ለምን መነካካት አስፈለገ? ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ 4 በመቶ ገደማ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ከአየር ወደ መስታወት ሲገባም እንዲሁ። ስለዚህ ቅጠል የማያህል ክፍተት እንኳ 0.3 ዴሲቤል ያህል ይበላል፤ የተመለሰው ብርሃን ደግሞ ላኪውን ሌዘር ይረብሸዋል። ይህን ለማስቀረት የአንዳንዱ ኮኔክተር ፊት በ8 ዲግሪ ሰያፍ ሆኖ ይለዝባል፤ የተንጸባረቀው ብርሃን ከኮሩ ወጥቶ ይጠፋል። ሰያፉ ኤፒሲ ይባላል፣ ቀለሙ አረንጓዴ ነው፤ ቀጥተኛው ዩፒሲ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴን ከሰማያዊ ጋር መሰካት ይቻላል፤ ቅርጹ ይፈቅዳል። መስታወቶቹ ግን አይነካኩም፤ ብርሃኑም በብዛት ይጠፋል።

የኮኔክተር ጠላት አቧራ ነው። በ9 ማይክሮን ኮር ላይ የተቀመጠች የጥቂት ማይክሮን ብናኝ ሁለት ጫፎች ሲጫኑባት ትደቅቃለች፤ መስታወቱንም ትጭረዋለች፤ አዲሱም አሮጌውም ይበላሻሉ። የሙያው ሕግ ስለዚህ ሦስት ርምጃ ነው፦ እይ፣ ጥረግ፣ እንደገና እይ። ማየቱ በማይክሮስኮፕ ነው፤ በባዶ ዓይን ንጹሕ መስሎ መታየቱ ምንም አያረጋግጥም። አዲስ ከፕላስቲክ የወጣ ፓች ኮርድም (ኮኔክተር የተገጠመለት አጭር ኬብል) ከዚህ ሕግ አይወጣም፤ ቆቡ ራሱ አቧራ ይይዛል።

ከተገናኘ በኋላ በእርግጥ ስንት እንደጠፋ የሚለካው ኦቲዲአር ነው። መሣሪያው አጭር የብርሃን ምት ይልካል፤ መስታወቱ በየርምጃው ጥቂቱን ወደ ኋላ ይበትናል፤ መሣሪያው የተመለሰውን በጊዜ ቆጥሮ በመስመር ይስላል። መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ የቀለጠ መገጣጠሚያ እንደ ትንሽ ደረጃ ይታያል፤ ኮኔክተር ግን ጫፍ ያወጣና ይወርዳል። አንዳንዴ ደረጃው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ብርሃን የጨመረ ይመስላል! ጀማሪ ይደሰታል። መገጣጠሚያ ግን ብርሃን አይሰጥም። የሆነው ነገር ሁለተኛው ፋይበር ከመጀመሪያው የሚበልጥ ብርሃን ወደ ኋላ መበተኑ ነው፤ ከሌላ ፋብሪካ ወይም ከሌላ ድራም የመጣ መስታወት ሲገጣጠም ይታያል። ከዚያ ከሌላው ጫፍ ቆማችሁ ስትለኩ ያው መገጣጠሚያ ከሚገባው በላይ ኪሳራ ያሳያል። በአንድ በኩል 0.10 ትርፍ፣ በሌላው 0.20 ኪሳራ ከታየ፣ እውነተኛው የሁለቱ አማካይ፣ 0.05 ኪሳራ ነው። ከአንድ ጫፍ ብቻ ለክቶ የሚረከብ ባለቤት ምን እንደተረከበ አያውቅም፤ ይህን ጽኑ አቋሜ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ኬብል ሲቆረጥ የሚሆነውንም ላንሳ። ለመንገድ ሥራ ወይም ለውኃ መስመር የሚቆፍር ኤክስካቫተር 48 ክር ቢበጥስ፣ ጫፎቹ ተጎትተው ስለሚጎዱ አንድ ቁራጭ ኬብል መሐል ይገባል፤ ስለዚህ መገጣጠሚያው 96 ይሆናል። በቅርብ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ትርፍ ጥቅልል ከተተወ ግን ጎትቶ አንድ ጊዜ ብቻ መቀጠል ይቻል ይሆናል፤ ዘርጊዎች በየቦታው ትርፍ የሚተዉት ለዚህ ነው። መስመሩ በዚያው ቀን ይመለሳል፤ መገጣጠሚያዎቹ ግን ለዘለቄታው ይቀራሉ፤ አምስት ጊዜ የተቆረጠ ክፍል ጥሩ ሠራተኛ ቢይዘው እንኳ ከአዲሱ ያነሰ ነው። በባሕር ውስጥ ይህ ሁሉ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ሦስት ኬብሎች ሲበላሹ፣ ጥገናው በጸጥታ ችግር ምክንያት ወራት ፈጀ። መርከቧ ላይ ፋይበሩ የሚቀልጠው እንደ የብሱ ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ፖሊኤትሊን የሚባል ፕላስቲክ በላዩ ቀልጦ መሸፈኑና መገጣጠሚያው ወደ ባሕር ከመመለሱ በፊት በኤክስሬይ መታየቱ ነው።

በመጨረሻ፣ ቤታችሁ ፋይበር ለገባላችሁ። ከቴሌኮሙ ጣቢያ የወጣው አንድ ክር በመንገድ ላይ ለ32 ቤት ሊከፋፈል ይችላል፤ መከፋፈያው ብቻውን 17 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል። በተለመደው ደረጃ ለመንገዱ ሁሉ የተፈቀደው 28 ዴሲቤል ነው፤ ለኪሎ ሜትሩ፣ ለመገጣጠሚያዎቹና ለኮኔክተሮቹ የሚቀረው 11 ያህል ነው። ቤታችሁ የገባው ክር በመስኮት ጠርዝ ላይ ቢታጠፍ ወይም በምስማር ቢመታ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። የኮኔክተሩን ጫፍ አትንኩ፤ ለማጽዳት ብላችሁም በልብሳችሁ አትጥረጉት። ስትነቅሉት ቆቡን መልሱበት። ወደ ጫፉ ውስጥ ደግሞ በፍጹም አትመልከቱ፦ በውስጡ የሚጓዘው ብርሃን ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፤ በርቶ ይሁን ጠፍቶ አታውቁም። ቴክኒሻኑ ሲመጣ በቀይ ብርሃን የሚበራ ቀጭን መብራት ከሰካላችሁ ግን አትፍሩ፤ ፋይበሩ የተሰበረበት ቦታ ቀይ ሆኖ ይበራል፤ ከዚያ እሱ ቆርጦ አዲስ ጫፍ ያበጅለታል።